የኳስ ግሩፕ ውስጥ ሴቶች ገብተው ለምን ዝም ይላሉ? ምን ብናደርግ ነው የሚጽፉት?

የግሩፕ አድሚን፦

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ሰፊ የኳስ ደጋፊዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከአድሚኖቹ አንዱ ነኝ። ጨዋታ ባለ ቀን አሰላለፍ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ አሰልጣኙ መግለጫ እስኪሰጥ ድረስ ሜሴጁ እንደ ጉድ ነው የሚጎርፈው፣ ተከትሎ ማንበብ ራሱ ይከብዳል። ግሩፑን በጣም ስለምወደው ነው ይሄን የምጠይቀው። ሴቶች ይገባሉ፣ መጀመሪያ አካባቢ ይጽፋሉ፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከብዙዎቻችን በተሻለ ጨዋታ የሚያነቡ ናቸው፣ ከዛ ግን ትንሽ ቆይተው ዝም ይላሉ። ለቀው አይወጡም፣ ያነባሉ፣ ሪአክሽን ያደርጋሉ፣ ግን አይጽፉም።

የተወሰኑትን በጨዋ መንገድ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል፣ አንድ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ኢንቦክሴ ይሞላል፣ ወይ ደግሞ የጻፍኩት ይቀርና ስለ እኔ ማውራት ይጀመራል ነው ያሉኝ።

ህግ አለን፣ ስድብ ክልክል ነው ይላል፣ ፒን ተደርጓል። ግን አብዛኛው ነገር በቀጥታ ስድብ ስላልሆነ ህጉ ምንም አይዘውም። "ለመሆኑ ኦፍሳይድ ታውቂያለሽ?" ስድብ ነው? "ፍቅረኛሽ ነው ኳስ ያስለመደሽ?" የሚለውስ? ሪፖርት ሲመጣ አድሚኖቹ እርስ በርስ እንከራከራለን፣ አንዱ ጨዋታ ነው ተዉት ይላል፣ አንዱ ይጥፋ ይላል፣ እስክንስማማ ድረስ ልጅቷ ሄዳለች።

ሌላው የሚያሳስበኝ ብሽሽቁ ነው። ብሽሽቅ የሌለበት የኳስ ግሩፕ ለኔ ግሩፕ አይደለም፣ እሱን ገድዬ ሰው ሁሉ ቃል እየመረጠ የሚያወራበት ቦታ ማድረግ አልፈልግም። ስለዚህ በተለይ ሴቶቹ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፣ የሚያስቀራችሁ በትክክል ምኑ ነው? ምን ቢቀየር ነው እንደማንኛውም ሰው ገብታችሁ የምትጽፉት? ሌላ ግሩፕ የምታስተዳድሩ ካላችሁ ደግሞ ምን እንደሰራላችሁ ንገሩኝ። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ቶፒክ (ግሩፑ ውስጥ ለብቻው የሆነ የውይይት ክፍል) እንክፈት የሚል ሀሳብም ቀርቧል፣ እሱ ላይም የምትሉትን በሉኝ።


ዘጠናኛው ደቂቃ፦

ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ፣ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው።

የሚያስቀረን ብሽሽቁ አይደለም። ቡድኔ ሲሸነፍ መጥታችሁ ስትጨፍሩብኝ እኔም ተራዬ እስኪደርስ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ፣ ሲደርስ ደግሞ አልምራችሁም፣ ኳስ ማየት ግማሹ ደስታ እኮ እሱ ነው። የሚያደክመው ፈተናው ነው። ወንድ አዲስ ገብቶ "ዳኛው ሰርቆናል" ብሎ ቢጀምር ማንም ማን ነህ አይለውም። እኔ ያንኑ ስል ግን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትደግፊው፣ ማን አስጀመረሽ፣ የዛን ዓመት አሰላለፍ ጥሪ፣ ኦፍሳይድ አስረጂ። መልሱን ካወቅኩ "ጉግል አድርጋ ነው"፣ አንዷን ከሳትኩ ደግሞ "አላልኳችሁም?" ይባላል። የትኛውም መልስ አያሳልፍም፣ ብታልፊም ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ያላየሽ ሌላ ሰው መጥቶ ከአንድ ይጀምርልሻል።

ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ጨዋታ ላይ ግራ ተከላካያችን ኳስ በያዝን ቁጥር ወደ መሀል እየገባ ነበር፣ ኳሱን ስንነጠቅ ደግሞ ከኋላው ያለው ቦታ ባዶ ሜዳ ነው፣ የገቡብን ግቦች በዛ በኩል ነው የመጡት። ይሄን ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ "ዋው ሴት ሆነሽ ታክቲክ ታወሪያለሽ" የሚል ነው፣ ቀጥሎ የልብ ስቲከር፣ ቀጥሎ "ይሄ ፌክ አካውንት ነው ወንድ ነው የሚጽፈው"፣ ከዛ ወንድ ነኝ ሴት ነኝ የሚለው ላይ ክርክር ተጀመረ። ስለ ግራ ተከላካዩ አንድም ሰው አላወራም።

በኋላ ፕሮፋይሌን በክለቡ አርማ፣ ስሜን ደግሞ ወንድም ሴትም ሊሆን በሚችል ቃል ቀየርኩት። ያንኑ ሀሳብ ሌላ ጨዋታ ላይ ጻፍኩት። ተከራከሩኝ! አንዱ ጥፋቱ የተከላካዩ አይደለም፣ ያንን ቦታ መሸፈን የነበረበት የተከላካይ አማካዩ ነው አለኝ፣ ሌላው አይ የመሀል ተከላካዩ ወደ ጎን መውጣት ነበረበት ብሎ ስክሪንሾት ላይ ቀስት ስሎ መጣ፣ እኔም ሌላ ስክሪንሾት ይዤ ገባሁ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። ማንም ጎበዝ ነሽ አላለኝም፣ ማንም "ደስ አትልም?" አላለም፣ ስለ ኳስ ጻፍኩ ስለ ኳስ መለሱልኝ። እኔ የምፈልገው ይሄን ብቻ ነው፣ ግን በራሴ ስም ነው የምፈልገው።

ኢንቦክሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ግሩፑ ላይ ንጹህ ሆኖ የሚታይ ሰው ኢንቦክስ መጥቶ ሌላ ሰው ነው። ሰላም፣ ፎቶሽ ነው?፣ የት ነሽ?፣ ለምን አትመልሺም?፣ ከዛ ስድብ። ጎል ሲገባ ደስ ብሎኝ አንዲት "ጎልልል" ስለጻፍኩ ብቻ። ስለዚህ ሴት ልጅ ከመጻፏ በፊት ምን ብላ እንደምታስብ ልንገርህ፣ "ይሄ ሀሳቤ ትክክል ነው ወይ" ብላ አይደለም የምታስበው፣ ዛሬ ማታ ኢንቦክሴን ለመጥረግ ጉልበት አለኝ ወይ ነው።


ብሽሽቅ ይለምልም፦

እኔ ደግሞ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ አለኝ፣ በቅንነት ነው የማወራው። ኳስ ግሩፕ ውስጥ የማይሰደብ ማነው? እኔን እናቴ ሳትቀር አንስተውብኛል፣ ቡድኔ ሲሸነፍ ስልኬን አጥፍቼ ነው የምተኛው። ኦፍሳይድ ታውቃለህ ወይ እኔም ተብያለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ ትንሽ መፈተኑ ደግሞ የቆየ ነገር ነው፣ ሲያሸንፉ ብቻ የሚመጡ ደጋፊዎች ስላሉ። ለሴቶች ልዩ ህግ ከወጣ ነገ የሴት አካውንት ያለው ሰው የፈለገውን ተናግሮ መልስ ስትሰጠው ባን ልትደረግ ነው። እኔ የምፈራው እሱን ነው፣ ሁሉም እኩል ይሰደብ ወይ ሁሉም እኩል አይሰደብ።


ዘጠናኛው ደቂቃ፦

ወንድሜ ፍርሃትህ ይገባኛል፣ ልዩ ህግ እኔም አልፈልግም። ግን አንድ ነገር እይልኝ። አንተን የሚሰድቡህ በቡድንህ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቡድንህ ሲያሸንፍ አፋቸውን ታስይዛለህ፣ ስለዚህ ብሽሽቁ ዙር አለው፣ ዛሬ አንተ ነህ ነገ እሱ ነው። እኔን "ሴት ስለሆንሽ አይገባሽም" ሲሉኝ በየትኛው ውጤት ነው የምመልሰው? ቡድኔ ሶስት ዋንጫ ቢያነሳ እኔ ሴት መሆኔ አይቀየርም። መልስ የሌለው ነገር ብሽሽቅ አይባልም።

አዲስ ሰው ይፈተናል ላልከው ደግሞ አንተን ስንት ጊዜ ፈተኑህ? አንዴ ገብተህ ከለመዱህ በኋላ አበቃ አይደል? እኔ ግሩፑ ውስጥ ካንተ እኩል ብቆይም ዛሬም አዲስ ነኝ።


የትራክ ሰው፦

እኔ የአትሌቲክስ ግሩፕ ላይ ነው የማግዘው፣ የኛ ነገር ስለሚገርም ልንገራችሁ። በሩጫ እኮ ሴቶቹ ናቸው ግሩፑን የሚያንቀጠቅጡት። ደራርቱ በፈረንጆቹ 1992 ባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ነበረች፣ ጥሩነሽ በ2008 ቤጂንግ 5,000ውንም 10,000ውንም ጠቅልላ ወሰደች፣ ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 ገብታ የነበረውን የማራቶን ክብረወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው ያወረደችው። የኛ ግሩፕ ውስጥ ሴት መሮጥ አትችልም የሚል ሰው የለም፣ ሁሉም በነሱ ነው የሚኮራው። ግን ያው አንዲት ሴት አባል ስለ አሯሯጮች ወይ ስለ ዙር ሰዓት አስተያየት ስትጽፍ ልክ የዘጠናኛዋ እህታችን የተናገረችው ነገር ነው የሚደርስባት። ከዚህ የተረዳሁት ጉዳዩ ሴቶች ስፖርቱን ያውቃሉ አያውቁም አይደለም። ሯጯን እያደነቅን ስለ ሩጫው የምታወራዋን ሴት የማንሰማ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አድሚን፣ አንተ ወደጠየቅከው ልምጣ፣ የሰራልንን ልንገርህ።

መጀመሪያ ህጉን ቀየርነው። "ስድብ ክልክል ነው" የሚለውን ትተን "የተጻፈውን ሀሳብ ተቃወም፣ ጻፊዋን ወይም ጻፊውን አትመርምር" አልን። ከስሩ ምሳሌ ጻፍን፣ ምሳሌው ነው ዋናው። ኦፍሳይድ ታውቂያለሽ ወይ፣ ማን አስለመደሽ፣ ፎቶሽ ነው ወይ፣ ወንድ ነሽ ወይ የሚሉት ሁሉ ቃል በቃል ሰፍረዋል። አድሚኖች ቁጭ ብለው አይከራከሩም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ይጠፋል፣ በቃ። ለወንድም ለሴትም እኩል ነው፣ ስለዚህ ብሽሽቅ ይለምልም የፈራው ነገር አልመጣም። የክለብ ብሽሽቅ እንደነበረ ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል።

ሁለተኛ ያለ ሀተታ ማጥፋት። ድሮ አንድ ሰው ሲያጠፋ ግሩፑ ላይ ታግ አድርገን "ይሄ ትክክል አይደለም" እንል ነበር፣ ከዛ ይከራከራል፣ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ ልጅቷ ሳትወድ የክርክሩ ርዕስ ሆና ታመሻለች። አሁን ሜሴጁ ይጠፋል፣ ሰውየው ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ይደረጋል፣ ምክንያቱ ለብቻው ይነገረዋል። ጨዋታው ይቀጥላል። አድሚኖች ያጠፉት ነገር ሪሰንት አክሽንስ የሚለው የቴሌግራም የአድሚኖች መዝገብ ውስጥ ለ48 ሰዓት ስለሚቆይ አላግባብ ጠፋብኝ የሚል ካለ ሌላ አድሚን ገብቶ ያያል።

ኢንቦክሱ ላይ ሙሉ መፍትሄ የለም፣ እውነቱን ልንገርህ። የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ይቻላል፣ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ እሱ ቢያንስ ዝርዝሩን እየከፈተ የሴት ስም የሚለቅመውን ሰው ይከለክለዋል። ግን የጻፈችውን ሴት ስሟን ተጭኖ መግባትን አይከለክልም። ስለዚህ ህጉ ላይ "ሳይፈቀድልህ ከዚህ ግሩፕ ሰው ኢንቦክስ አትግባ፣ ስክሪንሾት ከመጣ ትወጣለህ" ብለን ጻፍን፣ አደረግነውም። ብዙዎቹ አድሚኖች "ኢንቦክስ የግል ጉዳይ ነው እኛን አያገባንም" ይላሉ፣ እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። ሰውየው ልጅቷን ያገኛት እናንተ ግሩፕ ውስጥ ነው፣ እናንተ በር ላይ ጠብቆ እንደተከተላት ነው የምቆጥረው። ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያየው እንዲያደርጉ ለአዲስ አባላት የሚነግር አጭር ሜሴጅ ቦቱ ላይ አድርጉ፣ ለሴት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም።

ሶስተኛው ደግሞ በጣም ከባዱ ነው፣ ታዋቂው ሰውዬ። እያንዳንዱ ግሩፕ ውስጥ አለ። የዝውውር ዜና ቀድሞ የሚያመጣ፣ ሁሉም የሚወደው፣ እሱ ሲጽፍ ግሩፑ የሚሞቅ። ስክሪንሾቱ ሲመጣ የሱ ስም ነው ያለበት። እዚህ ጋ ነው ግሩፑ የሚፈተነው፣ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ስሙ የማይታወቀውን ልጅ ባን አድርጋችሁ እሱን "ተው እንጂ" ብላችሁ ካለፋችሁት ሴቶቹ ህጉ ለማን እንደተጻፈ በአንድ ቀን ይገባቸዋል። ደግሞ እርስ በርስ ያወራሉ፣ እናንተ ሳታውቁ ሁሉም ያውቃሉ። እኛ አንዱን እንዲህ ያለ ሰው አስወጣነው። ተከትለውት የወጡ ነበሩ፣ ለተወሰነ ጊዜም ግሩፑ ቀዝቅዞ ነበር። ከዛ ዝም ብለው ሲያነቡ የነበሩ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ፣ ሴቶች ብቻም አይደሉም፣ እሱን ፈርተው ዝም ያሉ ወንዶችም ነበሩ ለካ።


የድሮ ጋዜጣ፦

ስለ "ኳስ የወንዶች ነው ሴቶች አሁን መጡ" ስለሚባለው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በእንግሊዝ በፈረንጆቹ 1920 በገና ማግስት ዲክ ኬር ሌዲስ የሚባል የሴቶች ቡድን ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወት ወደ 53,000 ሰው ስታዲየም ገብቶ አይቷል። በሚቀጥለው ዓመት በ1921 የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ኳስ ለሴቶች አይስማማም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች ላይ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው፣ እገዳው ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆየ። የምዕራብ ጀርመን ፌዴሬሽንም ከ1955 እስከ 1970 ከልክሎ ነበር፣ ብራዚል ደግሞ በ1941 በህግ ከልክላ እስከ 1979 ድረስ አላነሳችውም። ሰዎች ከሜዳ በአዋጅ ከወጡ በኋላ "ድሮም አልነበሩበትም" ማለት በጣም ያሳዝናል። በ2022 ካምፕ ኑ ላይ የባርሴሎና ሴቶች ከቮልፍስበርግ ሲጫወቱ 91,648 ሰው ነው የገባው፣ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ነበረ እኮ።

ሌላው የሚያናድደኝ የሴት ዳኛ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊቷ ዳኛ ስቴፋኒ ፍራፓር በ2019 የአውሮፓ ሱፐር ካፕ ሊቨርፑልና ቼልሲን አጫወተች፣ በ2022 ደግሞ ኳታር ላይ ኮስታሪካና ጀርመንን ከሁለት ሴት ረዳቶች ጋር መራች፣ በወንዶች ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋ ናት። የኛዋ ልድያ ታፈሰ ለ2015ም ለ2019ም የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ተመርጣ ነበር። እንግዲህ ሴት ዳኛ የመደቡበት ጨዋታ ሲኖር ኮሜንቱን እዩት፣ ፊሽካ ሳይነፋ ነው "ወደ ኩሽና" የሚጀመረው። ወንድ ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት "ሌባ" ይባላል፣ ሴት ስትስት "ሴት ነች" ይባላል። ግሩፑ ውስጥ ያለችው ሴት ይሄን እያነበበች ነው፣ ስለ እሷ አልተባለም ግን ስለ እሷ ነው። አድሚን እባክህ ህግ ስትጽፍ አባላት ላይ የሚባለውን ብቻ አትይ፣ ስለ ዳኛዋ፣ ስለ ጋዜጠኛዋ፣ ስለ ተጫዋቿ የሚባለውንም ጨምር። ፊፋና የተጫዋቾች ማህበሩ ከ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ በኋላ ባወጡት ሪፖርት ከ5 ተጫዋቾች አንዷ ኦንላይን ጥቃት ደርሶባታል ነው የሚለው። እሱን የሚጽፉት ሰዎች ማታ ላይ የሚያወሩት ከኛ ጋር ነው።


ዝም ብዬ አንባቢ፦

እኔ መጻፍ ስለማላዘወትር አጭር ነው። እባካችሁ ሴት ስትገባ "እንኳን ደህና መጣሽ እህታችን ግሩፑን አሳመርሽው" እያላችሁ አበባ አትደርድሩ። አውቃለሁ በጎ አስባችሁ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ነው የሚያደርገኝ። አንድ ቀን ሰዓት ተሳስቼ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠይቄ መልሱን ከማግኘቴ በፊት አስር ሰላምታ መጣ። የጨዋታውን ሰዓት ብቻ ንገሩኝ።

ለሴቶች ብቻ ቶፒክ የሚለው ላይ ደግሞ እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። ሁልጊዜ ለመከራከር ጉልበት የለኝም፣ አንዳንዴ ከሴት ጓደኞቼ ጋ ጨዋታ እያየሁ ዘና ብዬ ማውራት ነው የምፈልገው።


ዘጠናኛው ደቂቃ፦

በዚህኛው አልስማማም እህቴ። የተለየ ቦታ ከተከፈተልን ነገ ዋናው ግሩፕ ላይ ስንጽፍ "የናንተ ቶፒክ እዛ ነው" ሊሉን ነው። ኖርዌያዊቷን ተጫዋች አዳ ሄገርበርግን አስታውሺ፣ በፈረንጆቹ 2018 የመጀመሪያዋ የሴቶች ባሎንዶር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) አሸናፊ ሆና መድረክ ላይ ወጥታ፣ ያ ሁሉ የዓለም ተጫዋች ቁጭ ብሎ እያየ፣ አቅራቢው መቀመጫዋን እያወዛወዘች መደነስ ትችል እንደሆነ ነው የጠየቃት። ለብቻዋ ክፍል ውስጥ ብትሸለም ኖሮ ማንም አይጠይቃትም ነበር ይሆናል፣ ግን ቦታዋ እዛው መድረክ ላይ ነው። የሴቶች ሊግ ውጤትም ዋናው ላይ ነው መለጠፍ ያለበት፣ ከወንዶቹ ጋ።

እናንተ በራሳችሁ የሴቶች ግሩፕ ብትከፍቱ ግን ጥሩ ነው፣ እኔም እገባለሁ። አድሚኑ ከፍቶ ሂዱ ሲለን ነው የማልወደው።


ዝም ብዬ አንባቢ፦

እሱ ልክ ነው፣ በራሳችን ከሆነ ይሻላል። እኔ ግን ዋናው እስኪስተካከል ድረስ የት ልጻፍ ብዬ ነው።


ብሽሽቅ ይለምልም፦

መልስ የሌለው ነገር ብሽሽቅ አይባልም ያልሽው ገብቶኛል፣ እሱን እቀበላለሁ። የትራክ ሰው የጻፈው ህግም ለሁሉም እኩል ከሆነ እኔ ችግር የለብኝም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ለማወቅ ነው። ተጫዋች ሲነኩት ሲወድቅ "እንደ ሴት ወደቀ" እንላለን፣ በረኛ ኳስ ሲያመልጠው "እንደ ሴት ነው የሚይዘው" እንላለን። ይሄ ለሴቶቹ የተባለ አይደለም፣ ለተጫዋቹ ነው። እሱንም ማጥፋት አለብን?


የትራክ ሰው፦

እኛ አናጠፋውም፣ ግን አንዱ ተነስቶ "ወንዶቹ ናቸው እኮ ሲነኳቸው ሶስቴ የሚንከባለሉት" ይላል፣ ሰው ይስቃል ያልፋል። ሁሉን ነገር አድሚን ካጠፋው ሰው ይሰለቻል። እኔ የምለው አድሚን የሚያጠፋውና አባል የሚመልሰው ይለያይ ነው። ፈተና፣ ኢንቦክስ፣ ስለ አካል ማውራት፣ ማስፈራራት አድሚን ያጥፋ። እንደዚህ ዓይነቱን ደግሞ እናንተ ነባር አባላት መልሱ። አንተ ለምሳሌ ብሽሽቅ ላይ ስምህ የታወቀ ይመስለኛል፣ አንተ "ተው ይሄ ብሽሽቅ አይደለም" ብትል ከአድሚን መቶ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ሴቶቹ ራሳቸው እንዲመልሱ ግን አትጠብቅ፣ ሲመልሱ "አትቆጪ" ነው የሚባሉት።

ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚሰራው ምን መሰለህ፣ የጻፈችውን መመለስ። ልጅቷ ስለ ግራ ተከላካዩ ስትጽፍ ስቲከሩን ዘለህ ስለ ግራ ተከላካዩ መልስላት። ተሳስተሻል በላት፣ ምክንያቱን ንገራት። አንድ ሰው በቁም ነገር ከመለሰ የሚቀጥለው ሰውም እሱን ተከትሎ ነው የሚመልሰው፣ በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ፣ የመጀመሪያው መልስ ነው የክርክሩን አቅጣጫ የሚወስነው።


የግሩፕ አድሚን፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ከአድሚኖቹ ጋ ቁጭ ብለን ሁሉንም አነበብነው። ህጉን በምሳሌ እንጽፈዋለን፣ ዳኛና ጋዜጠኛ ላይ የሚባለውንም እንጨምራለን። የአባላት ዝርዝር ዛሬውኑ ተደብቋል። ኢንቦክስ ላይ በሃሳብ ተለያይተን ነበር፣ በመጨረሻ በድምጽ ብልጫ ስክሪንሾት ከመጣ ይወጣል የሚለው አልፏል፣ ማንም ይሁን ማን። የሴቶች ቶፒክ አንከፍትም፣ የሴቶች ጨዋታ ውጤትና አሰላለፍ ግን ዋናው ላይ ከሌላው ጋ ይለጠፋል።

አንድ የቀረን ነገር ሴት አድሚን የለንም። ዘጠናኛው ደቂቃ፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ ትኖሪ አትኖሪ አላውቅም፣ ግን ፈቃደኛ ብትሆኚ ከሴቶች የሚመጣውን ሪፖርት እንድትይዢልን እንፈልግ ነበር።


ዘጠናኛው ደቂቃ፦

እናንተው ግሩፕ ውስጥ ነኝ፣ በአርማ ፕሮፋይል ካሉት አንዷ ነኝ።

የሴቶችን ሪፖርት ብቻ ከሆነ ግን አልይዝም። ያንን ለእኔ ከሰጣችሁኝ እናንተ ወንዶቹ ማየት ታቆማላችሁ፣ ስድቡን ሁሉ አንድ ሴት ተቀምጣ ታነበዋለች ማለት ነው። እንደ ሌላው አድሚን ተራ ከሰጣችሁኝ፣ ማጥፋትም ባን ማድረግም የምችል ከሆነ፣ ሪፖርቱ ደግሞ ለሁላችንም በተራ የሚደርስ ከሆነ እገባለሁ። የቅዳሜ ጨዋታዎችን መያዝ እችላለሁ፣ የእሁዱን ማታ አልችልም። የቅዳሜውን አሰላለፍም እኔው ልለጥፈው፣ ስሜን መልሼ በራሴ ስም።